የሰባራ ሳንቲም ጅል

ክሊፎርድ ኤንትዊስል፣ በአጭሩ ክሊፍ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ፌርማታ ላይ ሲያስጠብቅ ኖሮ በስተርጅናው እሱ ራሱ ጠባቂ ሆነ። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ከቤቱ ይወጣና በሰሜን እንግሊዟ ከተማ በቦልተን ዝናብ ውስጥ ይቆማል። አግዳሚው ላይ አይቀመጥም፤ ጉልበቱ አንዴ ከታጠፈ ለመዘርጋት ልመና ስለሚፈልግ ቆሞ መድከም ይሻለዋል። አንዱ አውቶቡስ ወደ ገበያው ያወርደዋል፣ ሌላው ሽቅብ ወደ ኮረብታው ያወጣዋል፤ እዚያ ሚስቱ ዶሪን ያለችበት የአረጋውያን መጦሪያ አለ። በሩ ላይ ሲደርስ ልብሱ ርሶ፣ ትንፋሹ አጥሮ፣ «ዛሬም ደረስኩ እንግዲህ» ይላል ለራሱ። ደስ ብሎት አይደለም፤ ደክሞት ነው።

ቦልተን ውስጥ እንደ ክሊፍ የተሰደበ ሰው የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። አውቶቡስ ነጂ ነበር። አውቶቡስ ነጂ እዚያ ከተማ የመንገድ ዳር ግንብ ማለት ነው፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ይሸናበታል። ቢዘገይ ይሰደባል፣ ቀድሞ ቢደርስ ያመለጣቸው ይሰድቡታል፣ በሰዓቱ ከች ቢል ደግሞ «ዛሬ ምን ነካህ አንተ ደነዝ?» ይባላል። መጀመሪያ ላይ ያመው ነበር፤ ራቱን ትቶ የተኛባቸው ቀናት ነበሩ። በኋላ ግን ኖርማን ሄስኬት የሚባል ባልደረባው በነጂዎቹ ሻይ ቤት ውስጥ መድኃኒቱን አገኘለት።

ኖርማን የስድብ ዘር መቁጠር የሚወድ ሰው ነበር። ተሰድቦ ሲገባ እንደ ሌላው አይፎክርም፤ ቁጭ ብሎ ሻዩን እያማሰለ ቃሉን ያገላብጠዋል። «ዛሬ ፕራት ተብያለሁ። ፕራት እኮ ድሮ ቂጥ ማለት ነበር» ይላል። «ፒሎክ የሚሉን ደግሞ፣ ከባሕር ማዶ ሊዘርፉን የመጡት የሰሜን ሰዎች ጥለውልን የሄዱት ነው ይባላል፤ የወንድ ዕቃ ነው።» ጎርምለስንም እንዲሁ ይተነትነዋል፤ ጎርም በነዚያው ዘራፊዎች ቋንቋ ልብ ማለት ነበርና፣ የተሰደበው ሰው ልብ የማይል፣ ልበ ቢስ ተባለ ማለት ነው። ጌት ከሆነ ነገሩ ይከፋል፤ ትርጉሙ ዲቃላ ነው። ዋዞክ የሚለውን ግን ኖርማን እስኪሞት ድረስ አልደረሰበትም። አንዳንድ ስድብም እንደ አንዳንድ ሰው አባቱ አይታወቅም ብሎ ተወው።

ከዚያ ወዲህ ክሊፍ ሲሰደብ ትርጉሙ ፊቱ ላይ ድቅን እያለበት ሳቁ ይቀድመው ጀመር። አንዲት ወይዘሮ አንድ ቀን በሩን ቶሎ ስላልከፈተላቸው «ፕራት!» ብለው ጮኸውበት ቁጭ ሲሉ፣ «እመቤት፣ የጠሩት ነገር እኮ ከሥርዎ ነው ያለው» ብሎ አውቶቡሱን ሙሉ አሳቀ። ወይዘሮዋ በሚቀጥለው ፌርማታ ወረዱ። ወሬው ግን ክሊፍ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አልወረደም።

አንድ ስድብ ብቻ ለመንገደኛ አያውሱትም ነበር። «ዳፍት ኤፐርዝ» ይባላል። በድሮው ገንዘባቸው የፔኒ ግማሽ የሆነች ሳንቲም ነበረች፤ ኤፐርዝ በሷ የሚገዛ ነገር ማለት ነው። ሲጽፉት ረጅም ነው፣ በዚያ አውራጃ፣ በላንክሻየር ሰው አፍ ውስጥ ተፈጭቶ ግን እንዲህ አጥሮ ይወጣል። ዳፍት ያው ጅል ነው። በኛ አፍ የሰባራ ሳንቲም ጅል ብንለው ያስኬዳል። እዚያ ከተማ ይህ ስድብ ለጠላት አይሰጥም፤ ለልጅ፣ ለወንድም፣ ለሚስት ነው። ጠላትማ በሙሉ ስሙ፣ ከነማዕረጉ ነው የሚጠራው።

ዶሪን ይህን ስድብ ለክሊፍ የሰጠችው ገና ስሙን ሳታውቅ ነው። ገበያው አጠገብ ባለ ፓይ ቤት ትሸጥ ነበር፤ ፓይ በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገር ምግብ ነው። ክሊፍ ገብቶ የሥጋና የድንች ፓይ አዘዘ፣ ከፈለ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ መልካም ቀን ተመኘላትና ፓዩን ባንኮኒው ላይ ትቶ ወጣ። ሽርጧን እንደታጠቀች እስከ አውቶቡሱ ተከተለችው። «አንተ የሰባራ ሳንቲም ጅል! ይሄን ማን ይብላልህ?» ተሳፋሪው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ክሊፍ ትኩሱ ፓይ እጁን እያቃጠለው፣ ይህቺን ሴት ካላገባሁ አለ፤ አገባትም። ከዚያ በኋላ ውዴ፣ ፍቅሬ ተባብለው አያውቁም። ቴሌቪዥን ላይ እንዲያ የሚባባሉ ባልና ሚስት ሲያዩ ዶሪን «እነዚህ ሊፋቱ ነው» ትል ነበር።

መርሳት ሲጀምራት መጀመሪያ ቀለዱበት። ስኳሩ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ቁልፉ ስኳሩ ውስጥ ይገኛል። «አንቺ የሰባራ ሳንቲም ጅል» ይላታል፤ «በቅናሽ ያገባኸኝ ጊዜ ነበር ማሰብ» ትለዋለች። ከዚያ ጋዙን ከፍቶ መርሳት መጣ። ከፈረሰ ዘመን ያለፈው ፓይ ቤት ሥራ ረፈደብኝ ብላ በሌሊት ልብሷ አደባባይ መውጣት መጣ። ክሊፍ ዓመታት አጠባት፣ አለበሳት፣ አጎረሳት። አንድ ቀን ከመታጠቢያው ሊያወጣት ሲል ጉልበቱ ከዳውና ሁለቱም ወደቁ፤ ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ በሩን እስኪሰብር ድረስ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ተቃቅፈው ቆዩ። እሷ ትስቅ ነበር። እሱ ግን በቃኝ፣ ከዚህ በላይ አልችልም ብሎ አለቀሰ። በዚያው ሳምንት መጦሪያው አስገባት። የሸጣት ያህል ተሰምቶት ነበር፤ አሁንም ይሰማዋል።

ስሙ ከአፏ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። አንዳንዴ ሐኪም፣ አንዳንዴ ቧንቧ ሊጠግን የመጣ ሰው ትለዋለች። እሱም አይከራከራትም። ክፍሏ ገብቶ በሩን ይዘጋና እርጥብ ካፖርቱን ማሞቂያው ላይ ሰቅሎ፣ ወንበር ስቦ፣ «ዛሬስ እንዴት ዋልሽ አንቺ የሰባራ ሳንቲም ጅል?» ይላታል። ያኔ አንገቷ ቀና ይላል፣ ዓይኗ ይበራል። «አንተን ብሎ ጠያቂ፣ አንተ ጌት!» ትለዋለች። ማን እንደሆነ አታውቅም፤ የሷ እንደሆነ ግን ታውቃለች። ክሊፍ ሁለት አውቶቡስ የሚቀያይረው ለዚያች ቅጽበት ነው፤ ሌላ የቀረው ነገር አልነበረውም።

ይህቺኑ ነበር ሊወስዱበት የመጡት። ወሳጇም ክፉ ሰው አልነበረችም። ፊሊፓ ቴምፕሊን የመጦሪያው አዲስ ኃላፊ ናት፤ ከደቡብ፣ ከለንደን አካባቢ የመጣች፣ ድምጿ ለስላሳ፣ ለአረጋውያኑ ሁሉ ሙሉ ስማቸውን የምትጠራ። አንድ ከሰዓት በኮሪደሩ ስታልፍ ከዶሪን ክፍል የወጣው ንግግር ጆሮዋ ጥልቅ አለ። ቆማ ሰማች። ክሊፍ ሲወጣ ቢሮዋ ጠራችው።

«ሚስተር ኤንትዊስል፣ ባለቤትዎን ምን ብለው እንደሚጠሯቸው ሰማሁ» አለችው።

«እና ምን አለበት የኔ ፍቅር?»

«እኔ ፍቅርዎ አይደለሁም።»

«ኧረ ተይ እባክሽ፤ እዚህ አገር ሁሉም ሰው ፍቅር ነው። ዓሣ የሚጠብሰውም ሰውዬ ፍቅር ነው።»

ፈገግ አላለችም። «የሚሏቸውን ቃል ትርጉም ያውቁታል?»

አለማወቅ ይሻለው ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ክሊፍ ግን ኖርማን ከሞተ ወዲህ ስለ ስድብ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ድካሙ ሁሉ ለቀቀውና ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ።

«አውቀዋለሁ እንጂ! ከስድቡ ሁሉ እኮ እሱ ነው የዋሁ። ፕራት ብላት ቂጥ ማለቴ ነው፤ አላልኳትም። ፒሎክ ብላት ደግሞ ለሴት አይሆንም፣ የወንድ ነገር ነው። እሷ ግን እኔን ምን እንደምትለኝ ሰምተሽ የለ? ጌት ነው የምትለኝ። ዲቃላ ማለት ነው! የኔ እናትና አባት እኮ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተጋቡ ሰዎች ናቸው። ታዲያ እኔ ከስሼ አውቃለሁ?»

የፊሊፓ ፊት ከአንገቷ ጀምሮ እየቀላ ወጣ። ክሊፍ ያን ጊዜ ነው ጉድጓዱን በገዛ አካፋው እየቆፈረ መሆኑ የገባው። 

«አባቴ» አለች ፊሊፓ፣ «እናቴን እየሳቀ ነበር የሚሰድባት። ቀልድ ነው ይል ነበር። እኔና እህቴም አብረን እንስቅ ነበር። እሷ ግን አትስቅም ነበር።»

«ዶሪን ትስቃለች» አለ ክሊፍ።

«ለምን እንደሚስቁ ያውቃሉ? ሌላ ምን ማድረግ ይችላሉ? ተነስተው አይሄዱ፣ መልስ አይሰጡ፣ ለሰው አያመለክቱ።»

«መልስማ ትሰጣለች» ሊል አስቦ ነበር። ግን ልቡ ስንጥቅ አለበት። እውነት እኮ ነው፤ ዶሪን ውስጥ ምን እንዳለ አሁን ማን ያውቃል? ይህች ልጅ ያየችውን አይታለች፣ የፈራችውን ፈርታለች። ሊቆጣት ፈልጎ ቁጣ አጣ።

ፍርዱም ወጣ። ከነገ ጀምሮ ከባለቤቱ ጋር የሚገናኘው በትልቁ ሳሎን ውስጥ፣ ፊሊፓ ባለችበት ነው። በአክብሮት ያናግራታል። ዳግመኛ ከሰደባት ጉብኝቱ ይቆማል፤ መቼ እንደሚቀጥል ደግሞ ሌላ ጊዜ ይታያል። ክሊፍ ሌላ ጊዜ የሚባለውን ነገር ፈራው። በሱና በዶሪን ዕድሜ ሌላ ጊዜ የሚባል ብዙ አይገኝም።

ውጭ ጃኒን የምትባለው አስታማሚ ጣራው ሥር ተጠልላ ሲጋራ ታጨስ ነበር። የቦልተን ልጅ ናት፤ እነሱ ደግሞ የወደዱትን ሰው ሁሉ ዶሮ ይሉታል።

«ምን አለችህ የኔ ዶሮ? ፊትህ የተጨመቀ ጨርቅ መስሏል።»

«ዶሪንን በአክብሮት አናግራት አለችኝ።»

«ዶሪንን? በአክብሮት?» ጃኒን ጭሱን ወደ ጎን ተፋችው። «ማን ሞቶ?»

ሁለቱም ሳቁ። ክሊፍ ግን አውቶቡስ ውስጥ ሳቁ ጠፋበት፤ ለምን እንደጠፋበት አላወቀም።

ማታ መስታወት ፊት ቆሞ ተለማመደ። በእነሱ ቋንቋ አንተና አንቱ የሚባል ልዩነት የለም፤ አንቱታው የሚመጣው በሙሉ ስም፣ በእባክዎና በድምፅ መለስለስ ነው። «ዶሪን፣ እንደምን ዋሉ? ዛሬ ደህና ነዎት?» አለ ለመስታወቱ። መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ የሬሳ ሳጥን ሊሸጥ የመጣ ይመስል ነበር። እንደገና ሞከረ። ፈገግታ ሲጨምርበት ባሰ። በመጨረሻ ደከመውና፣ የሚያዩትን ሁሉ ማየት ነው ብሎ መብራቱን አጠፋ።

በማግስቱ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ክራባት አስሮ ሄደ። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት አሮጊቶች መስኮቱ አጠገብ ተኝተዋል፤ ፊሊፓ ጥግ ላይ ሻይዋን ይዛ ተቀምጣለች። ዶሪን መሀል ላይ፣ ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ትጠብቃለች፤ ማንን እንደምትጠብቅ ባታውቅም። ክሊፍ ወንበር ስቦ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

«ዶሪን፣ እንደምን ዋሉ?» አለ።

ቀና ብላ አየችው። ምንም አልበራም።

«ዛሬ በጣም ያምራሉ። ሹራቡም ተስማምቶዎታል።» «ሻይ ላቅርብልዎት? ትራስዎን ላስተካክልልዎት፣ እባክዎ?»

የዶሪን እጆች ተላቀቁ። አንዱ የሹራቧን ቁልፍ ይዞ ይጠመዝዝ ጀመር። ክራባቱን አየች፣ ሸሚዙን አየች፣ ፊቱን አየች።

«ምን ሆነ?» አለች።

«ምንም አልሆነም። ይረጋጉ እባክዎ።»

«እንዲህ አታናግረኝ! ምን ሆነ? ለምንድን ነው እንዲህ የምታናግረኝ?» ድምጿ ወጣ፤ ከተኙት አሮጊቶች አንዷ ነቃች። ዶሪን የክሊፍን እጅጌ በሁለት እጇ ጨመደደችው። «ልጅቷ ናት? ንገረኝ፣ ጂሊያን ናት?»

ክሊፍ ያን ስም ከሌላ ሰው አፍ ከሰማው የሰው ዕድሜ አልፏል።

ጂሊያን ልጃቸው ነበረች፤ አንዲቷ፣ የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም። ጥርስ እንኳ ሳታወጣ አንድ የኅዳር ጠዋት አልጋዋ ውስጥ ቀዝቅዛ አገኟት። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር አንዳንዴ ያጋጥማል አለ፤ ሌላ የሚለው አልነበረውም። ከቀብሩ ማግስት ክሊፍ የደንብ ልብሱን ለብሶ አውቶቡሱን ይዞ ወጣ፤ ያን ቤት መቀመጥ አልቻለበትም። ማታ ሲመለስ ዶሪን ራት አቅርባ «አረፍ ይበሉ» አለችው። እሱም «አመሰግናለሁ» አላት። ያን ብርድ ሙሉ እንዲያ ተከባበሩ። እባክዎ ጨው ያቀብሉኝ፣ ይቅርታ ልለፍ፣ ደህና ይደሩ። አንዳቸውም ስሟን አላነሱም፤ ሌላኛው የሚሰበር መስሏቸው። ብርዱ ሲያልፍ አንድ ማለዳ ክሊፍ በቤት ነጠላ ጫማው ሥራ ሊሄድ መንገዱ መሀል ሲደርስ ዶሪን ቡትስ ጫማውን አንጠልጥላ እየሮጠች መጣች። «አንተ የሰባራ ሳንቲም ጅል!» ብላ ጮኸችበት፤ ጎረቤት ሁሉ በመስኮት ብቅ አለ። ክሊፍ መንገዱ ላይ ቆሞ እንባው ወረደ፤ ዳኑ ማለት ነበራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድቡ ተመለሰ። የጂሊያን ስም ግን እንደወጣ ቀረ።

አሁን ዶሪን እጅጌውን ይዛ ያን ጠዋት ላይ ቆማለች። ይህን ያደረገው እሱ ነው፤ በክራባቱና በእባክዎ። ከዚያ የሚያወጣት አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው። ወደ ጥጉ ዞር ብሎ አየ። ፊሊፓ ሻይዋን ይዛ ተነስታ ቆማለች። ቃሉን ካወጣ ነገ በሩ ይዘጋበታል፤ ካላወጣው ዶሪን በፍርሃት ትሞትበታለች። ብዙ አላሰበበትም። ለማሰብም ደክሞት ነበር።

«ምንም የለም» አላት ጎንበስ ብሎ፣ በድሮ ድምፁ። «ምንም የለም፣ አንቺ የሰባራ ሳንቲም ጅል።»

አንገቷ ቀና እስኪል ጠበቀ። ቀናም አለ። ዓይኗ ውስጥ ግን ሳቅ አልነበረም።

«ተው» አለችው። «ዛሬስ ተው። ልጄ ሞታ አትቀልድብኝ፣ ክሊፍ።»

ክሊፍ አለችው። ሐኪም አይደለም፣ ቧንቧ ጠጋኝ አይደለም፤ ክሊፍ። ሁለት ዓመት በዝናብ የተመላለሰበት ስም ይኸው መጣ፤ የመጣው ግን ያቺን የተረገመች ጠዋት ይዞ ነው። ደስ አለው፣ መደሰቱ ደግሞ አሳፈረው። ስድቡ እዚህ እንደማይደርስ ገባው። ሲያድናቸው የኖረው በላዩ እያሻገራቸው ነበር እንጂ ከሥሩ ያለው ነገር የትም አልሄደም፤ እዚያው ቁጭ ብሎ ሲጠብቃቸው ነው የኖረው።

«ስሟን አትጠራም» አለች ዶሪን። እጅጌውን አልለቀቀችም። «አንድ ቀን እንኳ ስሟን ጠርተህ አታውቅም። የኔ ብቻ ነበረች?»

«የኔም ነበረች።»

«ጥራታ።»

«ጂሊያን» አለ። አፉ ውስጥ እንግዳ ሆነበት፤ የሱን አፍ ለምዶ የማያውቅ ቃል ነበር። ደገመው። «ጂሊያን። ግራ ጆሮዋ ጫፉ ላይ የታጠፈ ነበር። ወተት ጠጥታ ስትጨርስ ስቅ ይላት ነበር፤ አንቺ ጀርባዋን ስትመቺላት እኔ በር ላይ ቆሜ እቆጥር ነበር።»

«በር ላይ ቆመህ?»

«አላየሽኝም። ሥራ እየረፈደብኝ ነበር የምቆመው።»

ዶሪን አለቀሰች። ክሊፍም አለቀሰ፤ ክራባቱ እስኪርስ፣ ሳያፍር፣ አፉን ከፍቶ እንደ ልጅ። የነቃችው አሮጊት ከመስኮቱ «ምን ሆኑ እነዚህ?» ብላ ጠየቀች። ፊሊፓ ሻይዋን መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ ሄደችና የአሮጊቷን ወንበር በጸጥታ እየገፋች ወደ ኮሪደሩ ወሰደቻት፤ ተመልሳ ሌላኛዋንም ከነእንቅልፏ ወሰደቻት። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ስድቡን ሰምታለች። ስለ ነገ ምን እንደምትወስን ክሊፍ አልጠየቃትም፣ እሷም አልተናገረችም። በሩን ከውጭ ዘጋችው።

ከዚያ ብዙም አላወሩም። ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። ክሊፍ ጉልበቱ ተቆልፎበታል፤ ቢፈልግም መነሳት አይችልም፣ አልፈለገምም። ዶሪን ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ጣለች፤ ክብደቷ ቀንሷል፣ የሳሙናዋ ሽታ ግን ያው ነው። የጃኒን ድምፅ ኮሪደሩ ላይ ሻይ ሻይ እያለ አለፈ፤ በሩን ግን አልከፈተችውም። ክሊፍ ነገ ይህ ሁሉ ከዶሪን ራስ እንደሚጠፋ ያውቃል። የዛሬውን ለቅሶ አታስታውሰውም፤ የሱን ስም ደግሞ ነገ ማታ ምናልባት ቧንቧ ጠጋኙ ይወስደው ይሆናል። እሱ ግን ያስታውሰዋል።

«ክሊፍ» አለችው እንደገና፣ ድምጿ በእንቅልፍ ከብዶ።

«አቤት።»

«ነገ ሥራ እንዳትሄድ።»

ጡረታ ከወጣ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። እጇን ወስዶ በሁለት እጁ ያዘው።

«አልሄድም» አላት። «ነገ ሥራ አልሄድም።»